ዓባይን በካያክ፦ ጭንቅላት ላይ ምን ይደረግ?

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር ወር፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ለልምምድ የወጡት ሯጮች የሹራብ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ጎትተዋል። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያመሩት አባት ደግሞ ጋቢያቸውን ተከናንበው የሚታየው አፍንጫቸው ብቻ ነው።

ታዲያ በእንዲህ ያለ ብርድ አንድ ሰው ጠባብ ጀልባ ውስጥ ቁጭ ብሎ ወንዝ ቢወርድ ጭንቅላቱ ላይ ምን ያድርግ? «ምን አገባን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ግን ያገባናል! ነገሩ የተደረገው እዚሁ ጎጃም ውስጥ ነውና።

ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን የተባሉት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 2003 ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ምንጭ ተነስተው በ114 ቀናት እስክንድርያ ገብተዋል። ብራውን የመጣው በካያክ ነው። ከነሱ በፊትም በ1972 እንግሊዛዊው ማይክ ጆንስ ጓደኞቹን ይዞ ዓባይን በካያክ ሞክሮታል። በ1968 ደግሞ በካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ-ስኔል የተመራው የእንግሊዝ ጦር ቡድን በጀልባ ወርዶ ነበር። ያኔ ኢያን ማክላውድ የተባለው የቡድኑ አባል ወንዝ ሲሻገር ውሃ ወስዶት ቀርቷል። ማይክ ጆንስም ዓባይን አልፎ፣ በ1976 ከኤቨረስት የሚወርደውን በረዷማ ወንዝ ቀዝፎ፣ በ1978 ፓኪስታን ውስጥ ጓደኛውን ለማዳን ሲል ሰጠመ። ጨዋታው እንዲህ ያለ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ያለ ነገር አይደለም።

ካያክ እንደ ጣናው ታንኳ በመቅዘፊያ የምትሄድ ናት። ልዩነቷ ቀዛፊው እግሩን ዘርግቶ እስከ ወገቡ ውስጧ መግባቱ ነው። ስትገለበጥ እሱም አብሮ ይገለበጣል፤ ጭንቅላቱ ውሃ ውስጥ ተዘቅዝቆ በመቅዘፊያው ራሱን መመለስ አለበት። ስለዚህ ኮፍያ የሚመረጠው ለተቀመጡበት ሰዓት ሳይሆን ለተገለበጡበት ደቂቃ ነው። የጀማሪ ስህተት የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

አንድ የተለመደ ወሬ አለ፤ «የሰውነት ሙቀት ግማሹ የሚወጣው በጭንቅላት ነው» ይባላል። ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች በ2008 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ይህን አፍርሰውታል። ጭንቅላት ከሰውነት ቆዳ 10 በመቶ ገደማ ነው፤ የሚያወጣውም ሙቀት ከድርሻው ብዙም አይበልጥም። እንዲህ ከሆነ ኮፍያው ለምን ያስፈልጋል?

መልሱ ውሃው ውስጥ ነው። ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። ፊትና ጭንቅላት ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካቸው ሰው ሳይፈልግ አየር ይስባል። ያን ጊዜ አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውሃውን ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሚዛን የሚጠብቀውን ክፍል ያውካል፤ ሰውየው ይዞርበታል፤ ላይና ታቹ ይጠፋበታል። ተገልብጦ ያለ ሰው ላዩን ካላወቀ እንዴት ይመለሳል? ለዓመታት በብርድ ውሃ የቀዘፉ ሰዎችም የጆሯቸው ቀዳዳ ውስጥ አጥንት እያደገ መስማት ያስቸግራቸዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው መመዘኛ ጆሮ መሸፈኑ ነው።

ሁለተኛው ጨርቁ ነው። እኔ ራሴ ማርቆስ ላይ ሞክሬዋለሁ። ከገበያ አንድ የጥጥ ኮፍያና አንድ የሱፍ ኮፍያ ገዝቼ ባልዲ ውስጥ ነከርኳቸው፤ ጨምቄ በየተራ አድርጌ ጠዋት ግቢው ውስጥ ተንጎራደድኩ። ጥጡ ውሃውን ይዞ ቀረ፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ግንባሬን አመመኝ፣ አወለቅኩት። ሱፉም ረጥቧል፣ ግን ለብ አለ። የእንግዳ ማረፊያዋ እመቤት እየሳቁ «ልጄ፣ በርኖስ ለምን ከበግ ጠጉር የሚሠራ መሰለህ?» አሉኝ። አፍሬ ዝም አልኩ። የደጋው ሰው ከጥንት የሚያውቀውን እኔ ባልዲ ይዤ ስፈትን ነበር።

ቀዛፊዎች የሚመርጡት ኒዮፕሪን የሚባለውን፣ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ቆብ ነው። ቀጭን ነው፣ ጆሮንና ማጅራትን ይይዛል፣ አገጭ ስር ይታሰራል። እሱ ካልተገኘ ቀጭን የሱፍ ኮፍያ ይሻላል። ወፍራሙ፣ ጫፉ ላይ ፖምፖም ያለው አይሆንም። ምክንያቱም ከላዩ ሄልሜት ይደረጋል፤ ወፍራም ኮፍያ ሄልሜቱን ያላላዋል። የላላ ሄልሜት ደግሞ ድንጋይ ሲመታው ወደ ኋላ ይንሸራተትና ግንባርን ያጋልጣል። ስለዚህ ሄልሜት የሚለካው ከነኮፍያው ነው፤ ጭንቅላት ሲነቀነቅ ቅንድብም አብሮ ከተንቀሳቀሰ ልኩ ነው። የሞተር ሳይክል ሄልሜት ግን በፍጹም! እሱ ውሃ ይሞላና አንገት ይጎትታል። የካያኩ ውሃ ማውጫ ቀዳዳ አለው።

ዓባይ ደግሞ ሌላ ፈተና ያመጣል። ሰከላ ላይ በብርድ የተነሳ ሰው፣ ከደጀን አፋፍ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ወንዙ ጋ ሲደርስ በረሃ ይጠብቀዋል። እዚያ ወፍራም ቆብ ራሱ በሽታ ነው። ውሃው በተኛበት ቦታ ባለ ሰፊ ክፈፍ ባርኔጣ፣ ፏፏቴና ድንጋይ ባለበት ሄልሜት ብቻ። ሁለቱንም መያዝ ግድ ነው።

በ2008 ቤጂንግ ላይ ቤንጃሚን ቡክፔቲ በካያክ ነሐስ ወስዶ ለአገሩ ለቶጎ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አስገኘ። ከደስታው ብዛት መቅዘፊያውን ለሁለት ሰበረው። ዓባይ ያለን እኛ እስከ ዛሬ በዚህ ስፖርት ሌሎች ሲወርዱ ከዳር ሆነን እናያለን። አንድ ቀን የጎጃም ልጅ ጀልባ ውስጥ ሲገባ ማየት ያጓጓል። ያ ልጅ ግን ጋቢውን ዳር ላይ ትቶ፣ ጆሮውን ሸፍኖ፣ ሄልሜቱን አጥብቆ ይግባ። መቅዘፊያ ቢሰበር ይተካል፤ ጭንቅላት ግን አይተካም።