የተጠለፈ ድረ ገጽ እንዴት ይመለሳል?

በሰኔ 2012 ዓ.ም. ጎጃምን ዞሮ በሚወርደው ዐባይ ላይ የተሠራው የህዳሴ ግድብ የመጀመሪያ የውኃ ሙሌት ሲቃረብ፣ «ሳይበር ሆረስ» የተባለ የግብፅ ቡድን በኢትዮጵያ መንግሥታዊ ድረ ገጾች ላይ ጥቃት ሰነዘረ። በአንዳንዶቹ ገጾች ላይም የዛቻ መልእክት ታየ።

ጠላፊ የይለፍ ቃሉን ጭምር ከለወጠ ባለቤቱ ደጅ ይቀራል። ታዲያ በምን ይገባል?

ድረ ገጽ የሚኖረው በሰርቨር ላይ ስለሆነ፣ ባለቤትነታችንን ለሰርቨሩ አከራይ ስናረጋግጥ በዚያ በኩል መግባት እንችላለን። በመረጃ ቋቱ ውስጥ የሚገኘው የይለፍ ቃሉ ራሱ ሳይሆን ሃሽ የሚባል፣ ወደ ኋላ የማይመለስ የስሌት ውጤት ነው። ስለዚህ የቀድሞውን ማንበብ ባይቻልም በአዲስ መተካት ይቻላል።

ይሁንና ቁልፍ መለወጥ ብቻውን አይበቃም፤ ጠላፊው በፋይሎቹ መካከል ስውር መግቢያ ትቶ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ገጹን ለጊዜው መዝጋት፣ የሰርቨሩን መዝገብ መርምሮ ቀዳዳውን ማግኘት፣ ከጥቃቱ በፊት ከተወሰደ ንጹሕ ቅጂ መመለስ፣ ሶፍትዌሩን ማደስ፣ የይለፍ ቃሎችንም ሁሉ መለወጥ ያስፈልጋል።

በደብረ ማርቆስም ሆነ በሌላ ከተማ ድረ ገጽ የምታዘጋጁ ተማሪዎች፣ ቅጂውን ዛሬውኑ ከሰርቨሩ ውጭ አስቀምጡ። አለዚያ ነገሩ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል።