ከፎገራ ሜዳ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ተማሪና የጤና ታሪኩ

ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ተማሪ ወደ ጤና ተቋም የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ለቪዛ የሚጠየቀውን የምርመራ ቅጽ ለማስሞላት ነው። ይህ ቅጽ በዋነኛነት የሚያጣራው ተማሪው ለተቀባዩ አገር ሕዝብ የሚተላለፍ በሽታ ይዞ እንዳይገባ ነው። ከወራት በኋላ በራሱ በተማሪው ላይ ሊከሰት ስለሚችለው ሕመም ግን እምብዛም አይጠይቅም። ይህን ክፍተት መሙላት የእኛ የጤና ባለሙያዎች ድርሻ ነው።

ለዚህ የወረታ ከተማና የፎገራ ሜዳ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የሚገኘውን ይህን ሩዝ አብቃይ ሜዳ በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ያጥለቀልቁታል። በአካባቢው ወባና ቢልሃርዝያ ይገኛሉ። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች የካላዛር ወረርሽኝ መኖሩ ተረጋገጠ። በሽታው ቀደም ሲል ለሥራ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ በሚወርዱ ሰዎች ላይ የሚታይ ተደርጎ ይታሰብ ስለነበር፣ በመጀመሪያ መድኃኒት ያልበገረው ወባ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ነበር። በዚህም መካከል የሰው ሕይወት አልፏል። በአገር ውስጥ እንኳ ይህን ያህል ካሳሳተ፣ በሽታውን አይቶ የማያውቅ የውጭ አገር ሐኪም ትኩሳቱንና የጣፊያውን ማበጥ ተመልክቶ የደም ካንሰር ነው ብሎ ቢጠረጥር አያስደንቅም።

እነዚህ በሽታዎች ከጉዞ በኋላ የሚገለጡበት ምክንያት ይታወቃል። ካላዛር አብዛኛውን ጊዜ ከተላለፈ ከ2 እስከ 6 ወር ቆይቶ ይታያል፤ ከዓመት በላይ የሚቆይበትም ጊዜ አለ። የቫይቫክስ ወባ በጉበት ውስጥ አድፍጦ ከወራት በኋላ ያገረሻል። የቢልሃርዝያ ትል ያለ ምልክት ለብዙ ዓመታት በሰውነት ውስጥ ሊኖር ይችላል። የደረት ራጅ ንጹሕ መሆኑም ድብቅ የሳንባ ነቀርሳ አለመኖሩን አያረጋግጥም።

ስለሆነም ተማሪው ከመነሳቱ በፊት ቢያንስ ሦስት ነገሮች ሊደረጉለት ይገባል። አንደኛ፣ የሰገራ ምርመራ ተደርጎለት ቢልሃርዝያ ከተገኘ በፕራዚኳንቴል ይታከም። ሁለተኛ፣ ቀደም ሲል ወባ ይዞት እንደሆነ፣ የትኛው ዓይነት እንደነበረና ፕሪማኪን መውሰድ አለመውሰዱ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ ያደገበት ቦታ፣ ያለፉ ሕመሞቹ፣ የወሰዳቸው መድኃኒቶችና በአካባቢው የሚገኙት በሽታዎች በአንድ ገጽ ላይ በእንግሊዝኛ ተጽፈው ይሰጡት።

ከዚህም ሌላ ለዕረፍት ወደ ቤተሰቡ የሚመለስ ተማሪ ምክር ያስፈልገዋል። ከወባ ርቆ የኖረ ሰው ቀድሞ የነበረው መጠነኛ የመከላከል አቅም ይቀንሳል። “እኔ የአገሩ ልጅ ነኝ” ብሎ ያለ አጎበር ማደር እንደሌለበት ይነገረው። ወደ ትምህርቱ ከተመለሰ በኋላም ትኩሳት ቢሰማው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ቀርቦ፣ ስለ ሕመሙ ከመናገሩ አስቀድሞ የት እንደነበረ ያስረዳ። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየና ክብደቱም ከቀነሰ ካላዛር እንዲመረመርለት በስሙ ጠርቶ ይጠይቅ።