የጓሮ ጎመንዎ ምን ጠጥቶ አደገ?

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጇን ይዛ ወደ ምርመራ ክፍሌ ገባች። ልጁ በስድስት ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ በሰገራ ምርመራ ወስፋት ተገኝቶበታል። መድኃኒቱን በትክክል ወስዷል፣ የሚጠጣው ውኃ ይፈላል፣ እጁንም ይታጠባል። «ዶክተር፣ እኔ እኮ ከገበያ አትክልት መግዛት ካቆምኩ ቆየሁ፤ ሰላጣውም ቆስጣውም ከጓሮዬ ነው» አለችኝ። በኩራት ነበር የተናገረችው፤ ኩራቷም ይገባታል። ጓሮውን በምን እንደምታጠጣ ስጠይቃት ግን መልሷ «ከቤታችን ጀርባ ባለው ወንዝ» የሚል ሆነ። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ለአትክልት አይተርፋትም።

በኅዳር 2015 ዓ.ም የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ በኮንዶሚኒየም በረንዳ፣ በትምህርት ቤት ግቢና በመሥሪያ ቤት አጥር ሥር ሳይቀር ጎመንና ሰላጣ ማየት የተለመደ ሆኗል። እንደ ሐኪም በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል፤ ከብዙዎቻችን ገበታ ላይ ይህን ያህል አይገኝም። ደም ግፊትና ስኳር ያለባቸው ታካሚዎቼም «ይንቀሳቀሱ» ስላቸው ስፖርት ቤት ግቡ ያልኳቸው ይመስላቸዋል፤ መቆፈርና ውኃ ተሸክሞ ማጠጣትም እንቅስቃሴ ነው። የዛሬው ጽሑፌ ዓላማ እንግዲህ ከጓሮዎ ላርቅዎት አይደለም። አትክልቱ በምን ውኃና በምን አፈር እንደሚያድግ አብረን እንድናይ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጀርሞች። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ በሚገባበት ወንዝ ውኃ የጠጣ ሰላጣ የወስፋት እንቁላል፣ ጃርዲያ፣ አሜባና የታይፎይድ ባክቴሪያ ይዞ ወደ ማዕድ ሊቀርብ ይችላል። የወስፋት እንቁላል በተለይ ግትር ነው። እርጥበትና ጥላ ካገኘ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ በበረኪናም በቀላሉ አይሞትም። ብዙ እናቶች ሰላጣን በአቼቶ ዘፍዝፈው «አሁን ንጹሕ ነው» ይላሉ። አቼቶ የተወሰኑ ባክቴሪያዎችን ይቀንስ ይሆናል እንጂ ለወስፋት እንቁላል መተማመኛ አይሆንም። የሚበጀው ቅጠሉን አንድ በአንድ ለያይቶ በሚወርድ ንጹሕ ውኃ እያሹ ማጠብ ነው። ውኃው አጠራጣሪ ከሆነ ደግሞ የሚበስለውን አብስሎ መብላት፣ ጥሬ የሚበላውን መተው ነው። የበሰለ ጎመን የወስፋት እንቁላል አያስተላልፍም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «በደንብ ካበሰልኩት ምንም አይለኝም» የሚለው አነጋገር ለጀርም እውነት ነው፤ ለእርሳስ፣ ለካድሚየምና ለክሮምየም ግን አይሠራም። እነዚህ ብረቶች ከሥሩ ተመጥጠው ቅጠሉ ውስጥ ከገቡ መታጠብም ሆነ መፍላት አያስወጣቸውም። በአቃቂ ወንዞች ዳርቻ በሚመረቱ አትክልቶችና በአፈራቸው ላይ ባለፉት አሥርተ ዓመታት በተደረጉ ጥናቶች እነዚሁ ብረቶች በተደጋጋሚ ተገኝተዋል፤ ከምንጮቹ ዋና ዋናዎቹም የቆዳና የሌሎች ፋብሪካዎች ፍሳሽ ናቸው። ጋራዥ፣ የባትሪ መጠገኛ ወይም ቆሻሻ መጣያ በነበረበት ቦታ ያለ አፈርም እንዲሁ ያሰጋል። እርሳስ ለሕፃናት ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታወቅ መጠን የለውም፤ የሚጎዳውም በማደግ ላይ ያለውን አእምሯቸውን ነው። ምልክቱም እንደ ተቅማጥ በማግስቱ አይታይም።

ምን ይደረግ? ቅጠላ ቅጠልና ሥራ ሥር ብረቱን ይበልጥ ይይዛሉ፤ ቲማቲምና ቃሪያን የመሳሰሉት በፍሬያቸው የሚይዙት ያነሰ ነው። ስለዚህ የቦታዎን ታሪክ የማያውቁት ከሆነ ቆስጣና ሰላጣውን መሬት ላይ ከመዝራት ይልቅ ከንጹሕ ቦታ የመጣ አፈርና ብስባሽ ሞልተው በጆንያ ወይም በሣጥን ያብቅሉ። ብስባሹ በደንብ የበሰለ ይሁን። እርጥብ የከብት ወይም የዶሮ ፍግ ከተጠቀሙ መሬት የሚነካውን አትክልት ከመልቀምዎ በፊት 120 ቀን ይጠብቁ። ፀረ ተባይ የነበረበትን ጄሪካን ግን፣ አሥር ጊዜ ቢያጥቡትም፣ ለመትከያም ለውኃ መቅጃም አይጠቀሙበት።

ውኃ ማጠራቀም ሲባል ደግሞ ወደ ድሬዳዋ ልውሰዳችሁ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ተገኘች። እንደለመድናቸው የወባ ትንኞች ረግረግ አትጠብቅም፤ በርሜልና ሮቶ ይበቃታል። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ በበጋ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ተጠያቂ የተደረገችው እርሷ ናት። የደንጊ ትኩሳት አስተላላፊዋም የተጠራቀመ ውኃ ትወዳለች። በድሬዳዋ፣ በአዳማ ወይም በሌላ ቆላማ ከተማ አትክልት የምታጠጡ ሁሉ ማጠራቀሚያችሁን ግጥም አድርጋችሁ ክደኑ፤ በየሳምንቱም ገልብጣችሁ ፈትጉ። ከእንቁላል ተነስታ ትንኝ ለመሆን ከሳምንት ትንሽ ብትበልጥ ነው። የአበባ ማስቀመጫ ሥር ያለውን ሰሃንም አትርሱት።

ጣሪያ ላይ መትከል ለምትፈልጉ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ አንድ ካሬ ሜትር ላይ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል እርጥብ አፈር ከ150 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል። ለቆርቆሮ ጣሪያ የማይታሰብ ነው፤ ለኮንክሪትም ቢሆን መሐንዲስ ይጠየቅ። ከጣሪያ የወደቀ ሰው ማከም ከሥራዬ ሁሉ የምጠላው ነው።

ነፍሰ ጡሮች አፈር ሲነኩ ጓንት ያድርጉ፤ ድመት የምትጸዳዳበት አፈር የቶክሶፕላዝማ ተሕዋስ ይኖረዋል። በዶማ ወይም በሚስማር የቆሰለ ሰው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱን መቼ እንደወሰደ አስታውሶ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በልብ ቫልቭ ሕመም ምክንያት ዋርፋሪን የምትወስዱም ጎመን ደረሰ ብላችሁ በድንገት በብዛት መብላት አትጀምሩ፤ በጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሰዋል። መጠኑ በየሳምንቱ ተመሳሳይ ይሁን፤ ለሐኪማችሁም ንገሩ።

ወደ እናቲቱ ልመለስ። ለልጁ መድኃኒቱን በድጋሚ አዘዝኩ፤ ቤተሰቡም በሙሉ እንዲመረመር አደረግሁ። ታላቅ እህቱም ወስፋት ነበረባት። ስለ ወንዙ ያልኳትን ሁሉ በጥሞና ሰማችና «ታዲያ ያደገውን ልንቀለው?» አለችኝ። ከዚያ ጎመን ለጎረቤት እየሸጠች ለልጆቿ ደብተር ትገዛበታለች። «አዎ፣ ንቀይው» ማለት ከብዶኝ ነበር፤ ግን አልኳት። ከአራት ወር በኋላ ስትመጣ የልጁ ምርመራ ንጹሕ ነበር። አሁን ከጣሪያ የሚወርደውን የዝናብ ውኃ በተከደነ በርሜል ታጠራቅማለች፤ ቆስጣውም አሥራ ሁለት ጆንያ ላይ ነው። ከድሮው መሬት ገና ግማሹን እንኳ አልተካችም፤ ጎረቤቶቿም መቼ ይደርሳል እያሉ ይጠይቋታል።