ባለስድስት ሚሊሜትር ቀዳዳዋ መስፈሪያ

ሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ስሟን ባወረሳት ሐይቅ አጠገብ ትገኛለች። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በከተማዋ ተማሪዎች ላይ የአንጀት ቢልሃርዝያ መገኘቱን ገልጾ፣ ሐይቅን ቀድሞ ያልታወቀች የበሽታው መገኛ ብሎ መዘገባት። የቢልሃርዝያ ትል በውኃ ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ወደ ሰው ይገባል። በሚዋኙና ውኃ በሚቀዱ ልጆች ላይ የሚበረታውም ለዚህ ነው። ትሉ በደም ሥር ውስጥ ተቀምጦ እንቁላል ይጥላል፤ ከፊሉ በሰገራ ይወጣል፣ ከፊሉ ጉበት ውስጥ ተቀርቅሮ ይጎዳል።

እንቁላሉን ለመቁጠር የሚያገለግለው ዘዴ ካቶ ካትዝ ይባላል። ካቶ የተባለ ጃፓናዊ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀመረው፣ በ1972 እ.ኤ.አ. ካትዝ የተባለ ብራዚላዊ ከባልደረቦቹ ጋር መጠኑን ወሰነለት። መሣሪያው መሃሉ የተበሳ ትንሽ የፕላስቲክ ቁራጭ ነው። ቀዳዳው 6 ሚሊሜትር ስፋት፣ ቁራጩ 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። ባለሙያው ሰገራውን በወንፊት አሳልፎ ቀዳዳውን ይሞላል፣ ቁራጩን ያነሳል፣ ስላይዱ ላይ የቀረውን በግሊሰሪን የተነከረ ሴሎፌን ያለብሰዋል። እዚያ የቀረው 41.7 ሚሊግራም ነው፤ ከአንዲት የምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም። በማይክሮስኮፕ የተቆጠረው እንቁላል በ24 ሲባዛ በአንድ ግራም ሰገራ ውስጥ ያለው ይታወቃል። እስከ 99 ቀላል፣ ከ100 እስከ 399 መካከለኛ፣ ከ400 ጀምሮ ከባድ ይባላል።

ችግሩ መስፈሪያው አንድ ዓይነት ብቻ አለመሆኑ ነው። 50 ሚሊግራም የሚይዝ አለ፣ 20 ሚሊግራም የሚይዝም አለ። አንድ ባለሙያ ከአንድ ልጅ ስላይድ 10 እንቁላል ቆጠረ እንበል። መስፈሪያው ባለ41.7 ከሆነ ልጁ 240 ይኖረዋል፣ ሕመሙም መካከለኛ ነው፤ ባለ20 ከሆነ ግን 500 ደርሶ ከባድ ይሆናል። በየትኛው እንደተሰፈረ መዝገቡ ካልተናገረ ያ 10 ለማንም አይጠቅምም። ሰዓቱም እንዲሁ መጻፍ አለበት፤ ስላይዱ ከቆየ በዚሁ ዘዴ የሚቆጠረው የመንጠቆ ትል እንቁላል ሟሙቶ ይጠፋል፣ የቢልሃርዝያው ግን ይቆያል።

የመድኃኒት ሙከራ ሲመጣ ጉዳዩ ይከብዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የቢልሃርዝያ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ከተሰጠ ከ14 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና እንዲቆጠር፣ የእንቁላሉም አማካይ ቢያንስ በ90 በመቶ እንዲቀንስ ይጠብቃል። አንዱ በሳምንት፣ ሌላው በሁለት ወር ከቆጠረ ሁለቱን ውጤት ማወዳደር አይቻልም። ለአንድ ልጅ አንድ ስላይድ ብቻ የሚያይ ጥናትም ጥቂት እንቁላል የቀረበትን ልጅ ድኗል ብሎ ሊመዘግብ ይችላል።

ወጥ አሠራር ምን ያህል እንደሚመዝን የእኛው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ አይተውታል። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ፤ ገዳዩም እንዶዱ ነበር። ነገር ግን ጥናታቸው በዓለም አቀፍ የላቦራቶሪ ደንብ አልተሠራም ተብሎ ግኝታቸው ለዓመታት ተቀባይነት አጣ። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል።

በልጆች ላይ ደግሞ ዕድሜ ይጨመራል። ተማሪዎች በቁመት መለኪያ እንጨት ተለክተው የፕራዚኳንቴል ፍሬ ይታደላቸዋል፤ ከ94 ሴንቲሜትር በታች ያሉት ግን በዚያ መለኪያ ላይ ቦታ የላቸውም። በአፍ የሚሟሟው የሕፃናት መድኃኒት አርፕራዚኳንቴል በዓለም ጤና ድርጅት ዕውቅና ያገኘው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። ዋናው መድኃኒት ከአርባ ዓመት በላይ ሲሠራበት ሕፃናቱ የዘገዩበት አንዱ ምክንያት፣ በእነሱ ዕድሜ ተለይቶ የተሰበሰበ በቂ መረጃ አለመኖሩ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ የዘመን አቆጣጠር ልዩነትም አለ። የልደት ዓመቱ በኢትዮጵያ፣ የምርመራው ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ከተጻፈ የስድስት ዓመቱ ልጅ አሥራ ሦስት ወይም አሥራ አራት ይሞላዋል።

በሐይቅም ሆነ በሌላ ቦታ ልጆችን የምትመረምሩ ባለሙያዎች፣ የተባዛውን ውጤት ብቻ አትተዉልን። የቆጠራችሁትን እንቁላል፣ የመስፈሪያውን መጠን፣ የስላይዱን ብዛት፣ የልጁን የልደት ወርና ዓመት ከነዘመን አቆጣጠሩ ጻፉ።