ቤት ሻጩ የሚሸጠው ትምህርት ቤት

ቤት የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው ምንድን ነው? ነገሩ ጥያቄም አይመስልም። ግድግዳውን፣ ጣራውን፣ ግቢውን፣ ውሃና መብራቱን ነዋ! እንል ይሆናል። ይሁን እንጂ ቤት ገዝቶ ወይም ሸጦ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚነግረን፣ በስፋትም በአሠራርም አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ቤቶች በሁለት ሠፈር ሁለት ዓይነት ዋጋ ያወጣሉ። ልዩነቱን የሚያመጣው ከአጥሩ ውጭ ያለው ነገር ነው። መንገዱ፣ ገበያው፣ ጎረቤቱ፣ ጸጥታው ሁሉ በዋጋው ውስጥ ይገባል። ከነዚህም መካከል አንዱ እኛን በቀጥታ የሚመለከት ነው፤ ይኸውም በአካባቢው የሚገኘው ትምህርት ቤት ነው።

በዛሬው ጽሑፋችን የትምህርት ቤት ጥራት በቤት ዋጋ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ፣ በተለይም ከሻጩ ወገን ሆነን እንመለከታለን። ጉዳዩ በሰፊው የተጠናው በአሜሪካን አገር ስለሆነ አብዛኛውን ምሳሌ የምንወስደው ከዚያው ነው። «እኛ መምህራን እንጂ ደላሎች አይደለንም፤ ይህ ምን ያደርግልናል?» የሚል ዕጩ መምህር ቢኖር ጥቂት ይታገሠን። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ ጥቁር ሰሌዳው መመለሱ አይቀርም።

አድራሻ ሲለወጥ ትምህርት ቤት ይለወጣል

በአሜሪካን አገር የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው ተማሪ የሚቀበሉት በመኖሪያ አድራሻ ነው። አገሩ በትምህርት አስተዳደር ወረዳዎች ተከፋፍሏል። በየወረዳው ውስጥ ደግሞ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የምዝገባ ክልል ይሠመርለታል። መሥመሩ አንዳንድ ጊዜ በአንድ ጎዳና መካከል ያልፋል። ከጎዳናው በስተቀኝ የሚኖር ልጅ ወደ አንዱ ትምህርት ቤት ሲሄድ፣ ከፊት ለፊቱ ያለው ጓደኛው ወደ ሌላው ይሄዳል። ወላጆች ከክልላቸው ውጭ መርጠው የሚያስመዘግቡባቸው ከተሞችም አሉ፤ ነገር ግን በአድራሻ መመደቡ ዛሬም የተለመደው አሠራር ነው።

እንግዲህ አንድ ወላጅ ልጁን ስሙ ወደ ተጠራው ትምህርት ቤት ለማስገባት ቢፈልግ በክልሉ ውስጥ ቤት መግዛት ወይም መከራየት ይኖርበታል። የትምህርት ቤቱ ክፍያ በነጻ ነው፤ ወደ ክልሉ መግቢያው ግን በነጻ አይደለም። ክልሉ ውስጥ ያሉት ቤቶች ደግሞ የተቆጠሩ ናቸው። ፈላጊው ሲበዛና ቤቱ ሲያንስ ምን እንደሚሆን ለማወቅ የኢኮኖሚ መጽሐፍ መግለጥ አያሻም። ዋጋው ይወጣል። ሻጩም አንዲት ጡብ ሳይጨምር የቤቱ ዋጋ ከፍ ብሎ ያገኘዋል።

ነገሩ እንዴት ተጣራ?

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። ጥሩ ትምህርት ቤት ያለበት ሠፈር ብዙውን ጊዜ መንገዱም ጥሩ፣ ነዋሪውም የተሻለ ገቢ ያለው ነው። ታዲያ ዋጋውን ያስወደደው ትምህርት ቤቱ ነው ወይስ ሌላው ነገር?

ሳንድራ ብላክ የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት ለዚህ ጥሩ ብልሃት ፈጥረዋል። በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር በቦስተን አካባቢ፣ ከምዝገባ ክልል መሥመር ግራና ቀኝ በቅርብ ርቀት የሚገኙትን ቤቶች ብቻ መርጠው አወዳደሩ። ወረዳው አንድ፣ ግብሩ አንድ፣ መንገዱ አንድ ነው፤ የሚለየው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው። በዚህ መንገድ ሲለካ፣ የትምህርት ቤቱ የፈተና ውጤት በ5 በመቶ ሲበልጥ የቤቱ ዋጋ በ2.5 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ። እንበልና ቤቱ 400,000 ዶላር የሚያወጣ ቢሆን፣ መሥመሩን መሻገር ብቻ ለሻጩ የ10,000 ዶላር ልዩነት ያመጣል ማለት ነው።

ልጅ የሌለው ሻጭስ?

በአሜሪካን አገር ለትምህርት ቤቶች ከሚወጣው ገንዘብ ከግማሽ ትንሽ የሚያንሰው ከየአካባቢው የሚሰበሰብ ሲሆን፣ የዚህም አብዛኛው የቤትና የቦታ ግብር ነው። ስለዚህ ልጆቻቸው አድገው የወጡላቸው ሽማግሌዎች፣ ልጅ የሌላቸውም ጭምር ይከፍላሉ። በእኛ አነጋገር «ሳይማር ያስተማረ» የምንለው ዓይነት ወገን እዚያም አለ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች «ልጅ ለሌለን ምን ቸገረን?» ቢሉ ሊያስደንቅ አይገባም ነበር። ሆኖም ብዙዎቹ የትምህርት ቤት በጀት ሲጨመር ይደግፋሉ። አንዱ ምክንያት ቤታቸው ነው። ልጅ ባይኖራቸውም ነገ ቤቱን የሚገዛቸው ሰው ልጅ ይኖረዋል።

ዋላስ ኦትስ የተባሉ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1969 በኒውዮርክ አጠገብ በኒውጀርዚ የሚገኙ 53 ከተሞችን አጥንተው፣ ግብር ብቻውን ሲጨምር የቤት ዋጋን እንደሚቀንስ፣ ለተማሪ የሚወጣው ወጪ ሲጨምር ደግሞ ዋጋውን ከፍ እንደሚያደርግ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በካሊፎርኒያ ለትምህርት ቤት ሕንፃ የሚውል ብድር በጥቂት ድምፅ ብልጫ የጸደቀባቸውን ወረዳዎች በጥቂት ድምፅ ከወደቀባቸው ጋር አነጻጽሯል። ብድሩ በጸደቀባቸው የቤት ዋጋ ጨመረ፤ ገዢዎች ለእያንዳንዱ የ1 ዶላር የሕንፃ ወጪ 1 ዶላር ከ50 ሣንቲም ወይም ከዚያ በላይ ለመክፈል ፈቃደኞች ሆነው ተገኙ። ስለዚህ ለትምህርት ቤት የከፈለ ባለቤት የከፈለውን ቤቱን ሲሸጥ መልሶ የሚያገኝበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ሻጩ ልብ ሊላቸው የሚገቡ ነጥቦች

1ኛ/ መሥመሩን ማረጋገጥ። የምዝገባ ክልል በሕዝብ ብዛት ምክንያት ይለወጣል። ሻጩ ከዐሥር ዓመት በፊት ልጁን ያስተማረበት ትምህርት ቤት ዛሬ የቤቱ ክልል ላይሆን ይችላል። ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሳያጣራ ለገዢ ቢናገር ጠብና ክስ ሊያተርፍ ነው።

2ኛ/ ወቅቱን ማወቅ። ልጅ ያላቸው ገዢዎች ትምህርት ሳይከፈት መግባት ይፈልጋሉ። ስለዚህ በፀደይና በበጋቸው ወራት ገበያው ይደራል።

3ኛ/ በስም ብቻ አለመመካት። የፍሎሪዳ ክፍለ ሀገር ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለትምህርት ቤቶች እንደ ተማሪ የፊደል ማርክ መስጠት ጀመረ። ዴቪድ ፊግሊዮና ሞሪስ ሉካስ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የፈተናው ውጤት ቀደም ብሎ የታወቀ ቢሆንም ፊደሉ ራሱ የቤት ዋጋን እንዳንቀሳቀሰ አረጋግጠዋል። ነገር ግን ማርኩ ከዓመት ዓመት ሲወጣና ሲወርድ ገዢው እምነቱን ቀነሰ፤ ፊደሉ በዋጋ ላይ የነበረው ኃይልም እየደከመ ሄደ።

4ኛ/ ቃልን መቆጠብ። በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ በቤት ሽያጭና ኪራይ ሰውን በዘር ማበላለጥን ይከለክላል። «ጥሩ ትምህርት ቤት» የሚለው አነጋገር አንዳንድ ጊዜ የሠፈሩን ሕዝብ ዘር መጠቆሚያ ሆኖ ያገለገለ በመሆኑ፣ ጠንቃቃ ደላላ ትምህርት ቤቱን ራሱ አያሞግስም፤ ገዢው ራሱ ሄዶ እንዲጠይቅ ይመራዋል እንጂ።

የቤት ዋጋ የመምህሩ ማርክ ነውን?

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ። ቤቱ ከተወደደ መምህሩ ጎበዝ ነው፣ ቤቱ ከረከሰ መምህሩ ሰነፍ ነው ማለት እንችላለን? በፍጹም!

እ.ኤ.አ. በ2007 በሳንፍራንሲስኮ አካባቢ የተደረገ ጥናት በመሥመሩ ግራና ቀኝ የሚኖሩት ሰዎች ራሳቸው እንደሚለያዩ ተመለከተ። ገቢው ከፍ ያለው፣ የተማረው ሰው ወደ ተመረጠው ወገን ይሰበሰባል። ገዢው እንግዲህ ለትምህርት ቤቱ ብቻ ሳይሆን ለጎረቤቱም ይከፍላል። ይህ ከሒሳቡ ሲወጣ፣ ለ5 በመቶ የውጤት ብልጫ የሚከፈለው ከ1 በመቶ በታች ሆነ። በዚያው በ400,000 ዶላሩ ቤት ብናሰላው፣ ልዩነቱ ከ4,000 ዶላር ያነሰ ነው።

የፈተና ውጤትም ቢሆን ሁለት ነገር አቀላቅሎ ይይዛል። አንደኛው ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣው ነው፤ ሁለተኛው ትምህርት ቤቱ የጨመረለት ነው። በእንግሊዝ አገር ስቲቭ ጊበንስና ጓደኞቻቸው በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሁለቱን ለያይተው ለክተዋል። ወላጆች ለሁለቱም የሚከፍሉት ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ መምህሩ የጨመረው ዕውቀት በገበያው ፈጽሞ አልተናቀም፤ ነገር ግን የዚያኑ ያህል የሚከፈለው ልጆቹ ገና ሲመጡ ይዘውት ለመጡት ነው። ለዚያኛው ደግሞ መምህሩ ሊመሰገንበትም ሊወቀስበትም አይገባም።

ያልተመጣጠነ ሚዛን

ነገሩ ለሻጩ ጥሩ ነው ስንል ለሁሉም ጥሩ ነው ማለታችን እንዳልሆነ ከቴክሳስ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በሳን አንቶኒዮ ከተማ ኤጅውድና አላሞ ሃይትስ የተባሉ ሁለት የትምህርት ወረዳዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1967 እስከ 1968 በነበረው የትምህርት ዘመን፣ በኤጅውድ ግብር የሚከፈልበት ንብረት በተማሪ ሲካፈል 5,960 ዶላር ነበር። በአላሞ ሃይትስ ከ49,000 ዶላር ይበልጥ ነበር። የኤጅውድ ነዋሪ ከ100 ዶላር ንብረት 1 ዶላር ከ5 ሣንቲም ሲከፍል፣ የአላሞ ሃይትሱ 85 ሣንቲም ብቻ ይከፍላል። ድሃው አብልጦ ከፈለ ማለት ነው። ታዲያ ምን አገኘ? ከክፍለ ሀገሩና ከፌዴራሉ መንግሥት የሚመጣው ድጎማ ሁሉ ተደምሮ ለኤጅውድ ተማሪ በዓመት 356 ዶላር፣ ለአላሞ ሃይትስ ተማሪ 594 ዶላር ደረሰ።

የኤጅውድ ወላጆች ከሰሱ። ጉዳያቸው እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1973 እ.ኤ.አ. በ5 ለ4 ድምፅ ተረቱ። የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1989 እ.ኤ.አ. አሠራሩ የክፍለ ሀገሩን ሕገ መንግሥት ይጻረራል ሲል ፈረደ። በ1993 እ.ኤ.አ. ደግሞ ባለጸጎቹ ወረዳዎች ከገቢያቸው የሚያካፍሉበት ሕግ ወጣ።

ከዚህ ምሳሌ አዙሪቱ ይታየናል። ቤቱ ሲወደድ ግብሩ ይበዛል፤ ግብሩ ሲበዛ ትምህርት ቤቱ ይሻሻላል፤ ትምህርት ቤቱ ሲሻሻል ቤቱ እንደገና ይወደዳል። ቤቱ የረከሰበት ሠፈር ደግሞ በተቃራኒው ይዞራል። በአንደኛው ሠፈር ሻጩ ያተረፈውን፣ በሌላው ሠፈር ልጅ ሊከስርበት ይችላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ

የእኛ ሁኔታ ይለያል። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤት ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ደመወዝም በሠፈሩ የቤት ግብር ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ቤት ሲገዙም ሲሸጡም በዚሁ በገለጽነው ሥርዓት ውስጥ ናቸው።

ይሁን እንጂ የነገሩ ሥር ለእኛም እንግዳ አይደለም። «የእነ እገሌ ትምህርት ቤት» ተብሎ ስሙ የተጠራ ቦታ አለ፤ ስሙ የወደቀም አለ። ነገ ተመርቀን ስንመደብ ዕጣው ስሙ ወደ ወደቀው ሊያወጣን ይችላል። ያን ጊዜ ሰው ትምህርት ቤቱን በሚጠራበት ስም ራሳችንን እንዳንመዝን ነው ይህን ሁሉ ማለታችን። መመዘን ያለብን ልጁ በመስከረም ሲገባ ምን ያውቅ ነበር፣ በሰኔ ሲወጣስ ምን አወቀ በሚለው ነው። ሁለቱን ለማወቅ ደግሞ በመስከረም መጀመሪያ ተማሪዎቻችንን ፈትነን ውጤቱን በማስታወሻችን መያዝ ይኖርብናል። ከመስከረሙ ውጤት ሳይነሡ የሰኔውን ብቻ አይቶ መፍረድ፣ የመሥመሩን ግራና ቀኝ ሳይለዩ የቤት ዋጋ እንደ መገመት ነው።

በዚህ ርዕስ ላይ የተለየ አስተያየት ያላችሁ መምህራንና ዕጩ መምህራን ጽሑፋችሁን ብታቀርቡልን በዚሁ ሰሌዳ እናወጣዋለን።