ዘይት የሚከፍታቸው በሮች

ብዙ ሰው የአውሮፕላን መግቢያ በር በሃይድሮሊክ የሚሠራ ይመስለዋል። በኤርባስ ኤ320ም ሆነ በቦይንግ 737 ግን አስተናጋጇ እጀታውን ይዛ በክንዷ ነው የምትዘጋው። ከፍታው 11 ኪሎ ሜትር ሲደርስ የካቢኑ አየር በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ከ5 ቶን በላይ ስለሚገፋው፣ ጉልበተኛ ቢታገለውም ንቅንቅ አይልም። የዘይት ጉልበት የሚፈለገው መንገደኛ ልብ በማይላቸው በሮች ላይ ነው፦ በዕቃ ክፍል፣ በጎማ መክተቻ፣ በጭነት አውሮፕላን ጅራት ስር።

መርሁን ፓስካል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው ያስረዳው፤ በዝግ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ የተጫነውን ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ያደርሳል። በአብዛኛው የመንገደኛ አውሮፕላን ግፊቱ በካሬ ኢንች 3,000 ፓውንድ ነው። የቡና ሲኒ አፍ የምታክል፣ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት ፒስተን በዚህ ግፊት ከ4 ቶን በላይ ትገፋለች። ኤ380 እና ቦይንግ 787 ወደ 5,000 ከፍ አድርገውታል፤ ግፊቱ ሲጨምር ቱቦውና ሲሊንደሩ ይቀጥናል፣ ክብደትም ይቀንሳል። ፈሳሹ ሐምራዊ ቀለም ያለው፣ በቀላሉ እሳት የማይዘው ስካይድሮል ወይም መሰሉ ነው። ዓይን ከነካ ግን አያድርስ ነው።

የኤ320ን ዕቃ ክፍል የሚከፍት ሠራተኛ ከሆዱ ስር ያለችውን ማንሻ ሲይዝ ቢጫ የሚባለው የሃይድሮሊክ መስመር የኤሌክትሪክ ፓምፕ ማጓራት ይጀምራል። በሩ ወደ ውጭና ወደ ላይ ይነሳል፤ ጫፉ ደርሶ ሲቆለፍ አረንጓዴ መብራት ይበራል። ኤሌክትሪክ ከሌለ የእጅ ፓምፕ አለ፤ ላብ ያስወጣል እንጂ ይሠራል።

ዘይት በሩን ያንቀሳቅሰዋል እንጂ በበረራ ላይ አይዘውም። የሚይዘው የብረት መቀርቀሪያ ነው። ይህን በደም ያስተማረው ዲሲ-10 ነው፤ የዕቃ በሩ መቀርቀሪያ የሚነዳው በኤሌክትሪክ ቢሆንም ትምህርቱ ለሁሉም ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በካናዳ ዊንዘር ሰማይ ላይ አንዱ በር ተገንጥሎ አውሮፕላኑ እንደምንም አረፈ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1974 ግን የቱርክ አየር መንገድ ዲሲ-10 በፓሪስ አቅራቢያ ተከስክሶ 346 ሰው አለቀ። መቀርቀሪያው ቦታውን ሳይዝ እጀታው ተዘግቶ ነበር። ማስጠንቀቂያው ከሁለት ዓመት በፊት መጥቶ ስለነበር ለእኔ ይህ አደጋ ብቻ አይደለም፣ ቸልተኝነት ነው።

በአየር ላይ እንዲከፈት ታስቦ የተሠራው የጭነት አውሮፕላኑ የሲ-130 ሄርኩለስ የኋላ በር ነው። የላይኛው ክፍል ወደ ውስጥ ይነሳል፣ ራምፑ ወደ ታች ይዘረጋል። በ1977 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ድርቅ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለሶች ዝቅ ብለው እየበረሩ ለደጋው ሕዝብ እህል የጣሉት በዚሁ በር ነው።

የጎማ በሮች ሥራ በተራ ነው፤ በሩ ይከፈታል፣ ጎማው ይወርዳል፣ በሩ መልሶ ይዘጋል። ሃይድሮሊኩ እምቢ ካለ አብራሪው መቆለፊያውን ይለቅና ጎማው በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ በኤ320 ላይ በሮቹ ያኔ እንደተከፈቱ ይቀራሉ። መሬት ላይ የሚያሰጉት ግን ጥገና ባለሙያውን ነው። ግፊት ሲመጣ የሚዘጋ በር መሐል የቆመውን ሰው አይለይም። ስለዚህ ቀይ ጨርቅ የተንጠለጠለበት መከላከያ ብረት ሲሊንደሩ ላይ ሳይገባ ከዚያ በር ስር ማንም አይቆምም።