አርባዕቱና አርብዓ፦ የቤተ እስራኤል ሽማግሎችና የዕብራይስጥ ትምህርት

በመጽሐፍ ቅዱስ አስቀሎና ተብላ የተጠቀሰችው፣ ዛሬ አሽቀሎን የምትባለው የሜዲትራኒያን ዳር ከተማ፣ ብዙ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ቤተ ሰቦች ከሰፈሩባቸው የእስራኤል ከተሞች አንዷ ናት፤ በማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያዋ ጥቂት የቆመ ሰውም፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረውን የልሳን ነገር በአንዲት ቁጥር ሊረዳው ይችላል። አውቶቡሷ ከወዴት እንደሚነሣ የጠየቀች እናት «ራጺፍ አርባ» ቢሏትና አርባኛውን መቆሚያ ፍለጋ ብትንከራተት አይፈረድባትም፤ የተነገራት ግን አራተኛው ነው፤ በዕብራይስጥ አራት «አርባ»፣ አርባ ደግሞ «አርባዒም» ይባላልና።

እንዲህ ያለው መሰናክል በእኛ አልተጀመረም። እንግሊዝኛ የሚማር ጃፓናዊ ከዚያው ልሳን የተወሰዱ እጅግ ብዙ ቃላት በአፉ ይዞ ቢነሣም፣ «ማንሾን» ሲል በፎቅ ሕንፃ ውስጥ ያለ መኖሪያ ማለቱ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው የሚሰማው የባለጸጋ ሰፊ ቤት ነው። ይሁን እንጂ ጃፓናዊውን ከእንግሊዝኛ ጋር ያገናኘው ብድር ሲሆን፣ የእኛን ሽማግሌ ከዕብራይስጥ ጋር የሚያገናኘው ዝምድና ነው። ሰማይ «ሻማይም»፣ ልብ «ሌቭ»፣ ነፍስ «ኔፌሽ»፣ ቤት «ባይት» ነውና። ግዕዝ ለሚያውቅ ቄስማ መንገዱ ይበልጥ የቀና ነው፤ ማይ «ማይም»፣ ከልብ «ኬሌቭ» ከመሆኑ በላይ፣ አራትን አርባዕቱ፣ አርባን አርብዓ ብሎ ለሚቈጥር ሰው የመቆሚያው ቁጥር አያሳስተውም። የዛሬው ዕብራይስጥ «ሁሉ»ንም «ድምፅ»ንም በአነጋገር ሳይለይ «ኮል» ሲል፣ ግዕዝ ኵሉ እና ቃል ብሎ ለያይቶ ጠብቋቸዋል።

ታዲያ ይህን ያህል ስንቅ ይዞ የወጣ ሕዝብ ስለ ምን በቃላት ተቸገረ? የቤተ እስራኤል ካህናት ኦሪትን ያነቡና ይጸልዩ የነበረው በግዕዝ እንጂ በዕብራይስጥ አልነበረም። ቤተ እስራኤልን ያጠና የነበረው አይሁዳዊ ምሁር ዣክ ፋይትሎቪች እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ኢትዮጵያ ከመጣ በኋላ ወጣቶችን እየመረጠ ወደ ውጭ አገር ለትምህርት ወሰደ፤ እ.ኤ.አ. በ1955ም ጥቂት ልጆች በእስራኤል ወደሚገኘው የክፋር ባትያ የወጣቶች መንደር ተላኩ። እነዚህ ግን እፍኝ የማይሞሉ ወጣቶች ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. ወደ እስራኤል በተደረገው የአየር ጉዞ በዘመቻ ሙሴ፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ በተጓጓዘበት በዘመቻ ሰሎሞን፣ ገበሬው፣ ሸክላ ሠሪዋና አንጥረኛው ከነልጅ ልጆቻቸው በአንድነት ከትምህርት ገበታ ፊት ቀረቡ።

የተቀበላቸው ኡልፓን፣ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1949 በኢየሩሳሌም የተከፈተው የቋንቋ ትምህርት ቤት፣ ሲመሠረት በደብተርና በሰሌዳ ለሚማር፣ ፊደል ለቈጠረ ሰው የታሰበ ነበር። ከመጡት ሽማግሎች ብዙዎቹ ግን በማናቸውም ልሳን ማንበብ አይችሉም ነበር፤ የሚችሉትም ቢሆኑ ሌላ ፈተና ገጠማቸው። የእኛን ፊደል የለየ ሰው ትርጓሜውን የማያውቀውን ቃል እንኳ ድምፁን አውጥቶ ያነበዋል፤ ዕብራይስጥ ግን በተራ ጽሕፈት የአናባቢ ምልክቶቹን ስለሚተው፣ ሳሜኽ፣ ፔ፣ ሬሽ የሚሉት ሦስት ፊደላት «ሴፌር» ሲባሉ መጽሐፍ፣ «ሳፓር» ሲባሉ ፀጉር ቆራጭ ይሆናሉ። ስለዚህ ቃል ለማወቅ ማንበብ፣ ለማንበብም አስቀድሞ ቃሉን ማወቅ ግድ ሆነ። በዚህ መካከል ልጆች በትምህርት ቤት ፈጥነው ስለ ለመዱ፣ በሐኪም ቤትና በባንክ የወላጆቻቸው አስተርጓሚ ሆኑ፤ አባት በልጁ አፍ ሕመሙን ሲናገር፣ የቤተ ሰብ ሥርዐት መናወጡ አልቀረም።

ለመፍትሔው መንገድ የሚያመላክተው የዕብራይስጥ የራሱ ታሪክ ነው፤ የዕብራይስጥ ንግግር አነቃቂ የነበረው ኤሊዔዜር ቤን ይሁዳ እ.ኤ.አ. በ1881 ወደ ፍልስጥኤም ምድር ገብቶ ዕብራይስጥን ለዕለት ንግግር ለማብቃት ሲደክም፣ አማርኛ የጎደለውን ከግዕዝ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ እርሱም አዲሱን ቃል ብዙ ጊዜ ከጥንት የዕብራይስጥ መጻሕፍት ሥር ይመዝ ነበር። እንግዲህ ዕብራይስጥና አማርኛ ሁለቱም ከዘመዳሞች ምንጮች የቀዱ ከሆነ፣ የሽማግሎች ትምህርት ከሰሌዳ ሳይሆን ከጆሮ፣ ከባዕድ ቃል ሳይሆን በኦሪት ከሚያውቁት ቃል ቢጀመር፣ ቄሱም ከተማሪ ወንበር ተነሥቶ ከመምህሩ ጎን ቢቆም፣ የሚቃለለው የቃላት ችግር ብቻ አይደለም፤ በልጁ አፍ ሲናገር የኖረው አባትም የሚያስተምረው ነገር እንዳለው ይታወቃል።